«በኮንትራት ነው የያዝኩት» ከማለትዎ በፊት፦ ሠራተኛን ከሥራ ተቋራጭ የመለየት መመሪያ

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም ባለ ወርክሾፖችና ባለ ሱቆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጁን በኮንትራት ነው የያዝኩት፣ የሚከፈለውም በቁርጥ ነው። ታዲያ የሥራ ግብርና ጡረታ ምን አገባኝ?»

ያገባዎት እንደሆነ የሚወስነው የወረቀቱ ርዕስ አይደለም። ሥራው በየቀኑ እንዴት እየተሠራ ነው የሚለው ነው። «የኮንትራት ስምምነት» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ የቅጥር ውል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ገቢዎች ቢሮም ከርዕሱ ይልቅ አሠራሩን ያያል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የሚሠሩልዎትን ሰዎች አንድ በአንድ ለይተው፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን እንዲፈጽሙ የሚረዱ ናቸው። የግብር ቁጥሮቹ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተደረገው የገቢ ግብር ማሻሻያ በኋላ ያሉት ናቸው፤ የቆየ ሠንጠረዥ በእጅዎ ካለ ይተዉት።

የሚያስፈልግዎት

- ላለፉት 12 ወራት ገንዘብ የከፈሏቸው ሰዎች ዝርዝር። ከደብተርዎ ብቻ አይውሰዱ፤ የባንክና የቴሌብር ዝርዝርም ያውጡ።
- የተፈረሙ ውሎች በሙሉ፣ በእጅ የተጻፉትም ጭምር።
- የእያንዳንዱ ሰው ቲን ነምበር፤ ነጋዴ ነኝ ካለ የታደሰ የንግድ ፈቃዱ ኮፒ።
- ደረሰኞች፣ የመገኛ ሰዓት መዝገብ፣ የክፍያ ፊርማዎች።
- የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅጂ።

ደረጃ 1፦ ማንንም ሳይተዉ ስም ይዘርዝሩ

አምስት ዓምድ ያለው ወረቀት ያዘጋጁ፦ ስም፣ የሚሠራው ሥራ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እንዴት ይከፈለዋል፣ ምን ወረቀት አለ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው የሌሊት ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ የአይሱዙውን ሾፌርና ረዳቱን፣ በወር ሁለቴ ብቅ የሚለውን የሒሳብ ባለሙያ ነው። ክርክር የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ ነው፤ ውል የሌላቸው እነሱ ናቸውና።

«ከመቼ ጀምሮ» የሚለውን ዓምድ በግምት አይሙሉት። የዓመት ፈቃድም፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜም፣ የሥራ ስንብት ክፍያም የሚቆጠሩት ከዚያ ቀን ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጥጥሩ በማን እጅ እንዳለ ይፈትሹ

የመመሪያው እምብርት ይኼ ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

አዋጅ 1156/2011 የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት የሚገባውን ስምምነት ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ሊሆን ይችላል። «ለተወሰነ ሥራ» የሚለውን ልብ ይበሉ። በቁርጥ መክፈል ብቻውን ሰውየውን ተቋራጭ አያደርገውም፤ በሥራ ልክ የሚከፈለው ሰውም ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል ራሱ አዋጁ ያውቃል። በሌላ በኩል ያው አዋጅ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት ለዋጋ የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 2610 ተቋራጭ የሚለው በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስረከብ የሚዋዋለውን ሰው ነው።

የግብር ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአዋጅ 979/2008 ተቀጣሪ ማለት በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት በሌላ ሰው መሪነትና ቁጥጥር የሚሠራ ሰው ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣኑ በአብዛኛው በራሱ እጅ ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ተቋራጭ ነው።

ሁለት ልብስ ሰፊዎችን ጎን ለጎን እንይ። ሁለቱም በቁጥር ነው የሚከፈላቸው፤ ለአንድ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይህን ያህል ተብሎ።

አንደኛው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለው ሱቅዎ ውስጥ፣ በእርስዎ የስፌት መኪና ላይ ይቀመጣል። ክሩም መብራቱም የእርስዎ ነው። ጠዋት 2:00 ይገባል፣ 11:00 ይወጣል። ሲያረፍድ ይቆጡታል፣ ለቅሶ ካለበት ያስፈቅዳል። ዛሬ ሱሪ፣ ነገ ጃኬት ብለው የሚያዙት እርስዎ ነዎት። ኮሌታው ተጣሞ ቢበላሽ የጨርቁ ኪሳራ የእርስዎ ነው። እህቱን በቦታው አስቀምጦ መሄድ አይችልም።

ሁለተኛው ቤቱ ውስጥ የራሱ የስፌት መኪና አለው። ጨርቁን ተቆርጦ ይወስዳል፣ 60 ዩኒፎርም ለመስከረም መግቢያ አደርሳለሁ ብሎ ይዋዋላል። ሌሊት ይስፋ ቀን፣ ሁለት ልጆች ያሰማራ ብቻውን ይሥራ፣ አይጠይቁትም። ለሌሎች ሦስት ሱቆችም ይሰፋል። ያበላሸውን ጨርቅ ይተካል።

የመጀመሪያው ሠራተኛዎ ነው፣ የፈረመው ወረቀት ምንም ይበል። ሁለተኛው ተቋራጭ ነው። ክፍያው አንድ ዓይነት ሆኖ ምደባው የተለያየው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው፦

ሀ. የሥራ ሰዓቱን ማን ይወስናል?
ለ. ዕቃውና ቦታው የማን ነው?
ሐ. ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል?
መ. በራሱ ምትክ ሌላ ሰው መላክ ይችላል?
ሠ. ለሌላ ደንበኛ ለመሥራት ነፃ ነው?
ረ. የሚከፈለው ለተረከቡት ውጤት ነው ወይስ ለተገኘበት ቀን?
ሰ. ሥራው አልቆ የሚረከቡት ነገር አለ ወይስ ነገም ይቀጥላል?

ነጥብ ደምረው በድምፅ ብልጫ አይወስኑ። ክብደቱ «ሀ» እና «ሐ» ላይ ነው። ሰዓቱንና አሠራሩን እርስዎ የሚያዙ፣ ኪሳራውንም እርስዎ የሚሸከሙ ከሆነ፣ ሰውየው የራሱን መዶሻ ይዞ መምጣቱ ብዙ አይለውጠውም። ምንጊዜም መልሱን የሚጽፉት ውሉ ላይ ካለው ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ከሆነው ነው።

ደረጃ 3፦ አስቸጋሪዎቹን ለየብቻ ይመልከቱ

ጫኝና አውራጅ። ኮምቦልቻ መጋዘን ላይ ከተደራጀ ማኅበር ጋር ተዋውለው፣ ለማኅበሩ ከፍለው፣ የማኅበሩን ደረሰኝ ከወሰዱ ውልዎ ከማኅበሩ ጋር ነው። ያው አምስት ልጅ በየቀኑ በእርስዎ ፎርማን ትእዛዝ የሚሠራ፣ ሒሳቡንም በእጁ የሚቀበል ከሆነ ግን ማኅበር የሚለው ስም አይሸፍንዎትም።

ጥበቃና የቤት ሠራተኛ። ለመኖሪያ ቤትዎ የቀጠሩት ሰው የግል አገልግሎት ቅጥር ስለሆነ ከአዋጅ 1156 ወሰን ውጭ ነው። ያንኑ ሰው ሱቁን እንዲጠብቅ ካዛወሩት ነገሩ ይለወጣል። በኤጀንሲ የመጣ ጥበቃ አሠሪው ኤጀንሲው ነው፤ ውሉንና ደረሰኙን ይያዙ።

ሥራ አስኪያጅ። እዚህ ላይ ሁለቱ ሕጎች ይለያያሉ። የሥራ መሪ በአዋጅ 1156 አይሸፈንም፤ ለግብር ግን ተቀጣሪ ነው፣ የሥራ ግብሩ ይቀነሳል። «የሠራተኛ ሕግ አይመለከተውም» ማለት «ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ አይገባም» ማለት አይደለም።

አስጎብኚ። ላሊበላ ያለ ሆቴል እንግዳ ሲመጣ የሚጠራው፣ ዋጋውን ተደራድሮ ለሌላውም የሚሠራ አስጎብኚ ተቋራጭ ነው። በወር ደመወዝ ሎቢ ውስጥ ተቀምጦ እንዲጠብቅ ከተደረገ ሠራተኛ ነው።

ደረጃ 4፦ ሠራተኛ ሆኖ ለተገኘው

4.1 ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። በጽሑፍ ካልተደረገ፣ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጡት ይገባል። ወረቀት አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፤ የሚጎዳው የእርስዎን ማስረጃ ነው። ጊዜው ተለይቶ ያልተጻፈ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

4.2 የሙከራ ጊዜ ከፈለጉ ውሉ ላይ ይጻፉት። ከፍተኛው 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቁ ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል። ያልተጻፈ የሙከራ ጊዜ የለም።

4.3 ቲን ያውጡለት፣ ጡረታ ያስመዝግቡት። በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1268/2014 መሠረት ለ45 ቀንና ከዚያ በላይ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ይሸፈናል። ድርጅቱ ከመሠረታዊ ደመወዙ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቀነሳል።

4.4 የሥራ ግብሩን ያስሉ። የወር ደመወዙን በመጣኔው አባዝተው ተቀናሹን ያንሱ፦

- እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለም
- 2,001–4,000፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
- 4,001–7,000፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
- 7,001–10,000፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
- 10,001–14,000፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
- ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ አናጢ እንውሰድ። 12,000 × 0.30 = 3,600፤ ሲቀነስ 1,350፣ ግብሩ 2,250 ብር ነው። ጡረታው 840 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር። እርስዎ ደግሞ 1,320 ብር የአሠሪ መዋጮ ስለሚጨምሩ ጠቅላላ ወጪዎ 13,320 ብር ይሆናል። ከ12,000ው ላይ 7 በመቶውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ማስላት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይቀነስ ነው።

«እጁ ላይ 12,000 እንዲደርሰው» ተስማምተው ከሆነ ስሌቱ ከዚህ ከፍ ይላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ከግብር በፊት ወይስ በኋላ እንደሆነ በቃላት ይጻፉ።

4.5 ግብሩንም ጡረታውንም የወሩ መጨረሻ ካለፈ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ አሳውቀው ይክፈሉ።

4.6 የሠራተኛ መብቶቹን በመዝገብ ይያዙ፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። አረፋም ገናም ላይ ያሠሩት ሰው በ2.5 ይታሰብለታል። መዝገብ ከሌለዎት ሠራተኛው የሚለውን ሰዓት የሚያስተባብሉበት ነገር የለዎትም።

ደረጃ 5፦ ተቋራጭ ሆኖ ለተገኘው

መጀመሪያ የንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ የሥራ ዘርፉም ከሚሠራልዎት ሥራ ጋር መግጠሙን ይዩ። የቧንቧ ሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ኤሌክትሪክ ዘርግቶ የሚሰጥዎት ደረሰኝ ችግር ያመጣል።

ውሉ የሚረከቡትን ነገር በቁጥርና በልክ ይናገር፦ «ስድስት በር፣ 90 በ210 ሳንቲ ሜትር፣ ከዋንዛ፣ እስከ ጥር 30 የሚረከብ»። ክፍያውን ከወሩ ጋር ሳይሆን ከርክክቡ ጋር ያያይዙት። ጉድለት ሲገኝ በራሱ ወጪ እንደሚያርም፣ ረዳቶቹን ራሱ እንደሚቀጥርና እንደሚከፍል ይጻፍ። ከዚያም በተግባር እንደዚያው ይሁን። ውሉ ላይ «ነፃ ነው» ብለው ጻፉ፣ ጠዋት ፊርማ ግን ካስፈረሙት፣ የገዛ መዝገብዎ ይመሰክርብዎታል።

ክፍያ ላይ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ አስቀድሞ ተቀንሶ ለገቢዎች የሚገባ ግብር) ይቀንሱ። በአንድ ግብይት ወይም ውል ከ10,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት 3 በመቶ ነው (ለዕቃ ግዥ መነሻው 20,000 ብር ነው)። ቲን ወይም ንግድ ፈቃድ ለማያቀርብ ሰው 30 በመቶ ይቀነሳል። የቀነሱበትን ደረሰኝ ለተቋራጩ ይስጡት፤ በዓመት ግብሩ ላይ የሚታሰብለት በዚያ ነው። የሕግ ሰውነት ያላቸው ድርጅቶች የመቀነስ ግዴታ አለባቸው። ግለሰብ ነጋዴ ከሆኑ ግዴታው እርስዎን የሚመለከት መሆኑን ከሚስተናገዱበት የገቢዎች ቢሮ አስቀድመው ይጠይቁ።

የ10,000ውን ወሰን ለማምለጥ የ36,000 ብር ሥራ አራት የ9,000 ደረሰኝ ማድረግ አይሠራም፤ ሕጉ የሚያየው ውሉን ጭምር ነው።

ደረጃ 6፦ ተሳስተው ከቆዩ

በአናጢው ምሳሌ ልክ 12 ወር «ኮንትራት» ተብሎ የተከፈለው ሰው ሠራተኛ ነው ቢባል፣ ያልተቀነሰው የሥራ ግብር 27,000 ብር፣ ያልተከፈለው ጡረታ በ18 በመቶ 25,920 ብር ነው። ግብር ሳይቀንሱ ለቀሩበት ቅጣት 10 በመቶ፣ 2,700 ብር ይታከላል። 55,620 ብር ደረሰ፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣቱና ወለዱ ገና አልተቆጠሩም። ሰውየው ሥራ ለቆ ሄዶ ከሆነ 7 በመቶውን ከማን ይቀንሳሉ?

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ከያዝነው ወር ጀምሮ ፔሮል ላይ ያስገቡት። አዲሱ ውል ላይ የቅጥር ቀኑን መጀመሪያ ሥራ የጀመረበትን ቀን ያድርጉ። ያለፈውን ለገቢዎች ቢሮ በራስዎ አነሳሽነት በጽሑፍ አሳውቀው ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ይያዙ። ኦዲተር መጥቶ እስኪያገኘው አይጠብቁ። የሠራተኛው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ) ሲታገድ፣ ግብር ሰብሳቢው ግን እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ውሳኔውን ሊያሻሽል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ በዚህም አይገደብም። ሰነዶችዎን ከ5 ዓመት በፊት አይጣሉ።

አዲሱን ውል ያኔ የተፈረመ ለማስመሰል የፊርማውን ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ግን ጨርሶ አይሞከር። የውል ማስተካከል ጉዳይ የነበረውን ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ጉዳይ ይለውጠዋል።

ደረጃ 7፦ ሲለያዩ

«ኮንትራትህ አልቋል» ብሎ በቃል ማሰናበት ከሁሉ የሚያስከፍል ስሕተት ነው። ሰውየው ሠራተኛ ሆኖ ከተገኘ ስንብቱ ከሕግ ውጭ ሊባል ይችላል። ወደ ሥራ ካልተመለሰ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። በቀን 400 ብር ለሚከፈለው የኮምቦልቻ ብረት ሠራተኛ 72,000 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፦ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። በዚሁ የቀን 400 ብር ሦስት ዓመት ለሠራው ልጅ 12,000 + 4,000 + 4,000፣ በድምሩ 20,000 ብር።

የሚገባውን ሁሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይክፈሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ሊጨመርብዎ ይችላል። በስምምነት ከተለያዩ በጽሑፍ ይሁን። «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ፊርማ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት አያጠፋም።

ጥንቃቄ

ጉዳት ቢደርስስ? ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ ጥፋት ባይኖርብዎም ኃላፊ ነዎት፤ የሕክምናው ወጪ የእርስዎ ነው፣ የመሥራት ችሎታውን ለዘለቄታው ካጣ የጉዳት ካሳ አለ። የብየዳ፣ የኮንስትራክሽንና የእንጨት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን መጀመሪያ የሚለዩት ለዚህ ነው። ሠራተኛዎ በሥራው ላይ ሌላ ሰው ቢጎዳም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2130 የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። በእርስዎ ሥልጣን ሥር ያልሆነ፣ ነፃነቱን የጠበቀ ሰው ለሚያደርሰው ጥፋት ግን ቁጥር 2134 ነፃ ያደርግዎታል፤ እውነተኛ ተቋራጭ መሆኑን ማሳየት ከቻሉ።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

- ለሠራተኛ ንግድ ፈቃድ አስወጥቶ «ተቋራጭ» ማድረግ። ፈቃዱ አንድ ማስረጃ ነው፤ ሰዓቱንና አሠራሩን እርስዎ እያዘዙ ከሆነ አያድንም።
- የሦስት ወር ውል እያደሱ ዓመታት መቀጠል። ሥራው ቋሚ ከሆነ ውሉም ላልተወሰነ ጊዜ ነው ሊባል ይችላል።
- 3 በመቶ ቀንሻለሁና ጨርሻለሁ ማለት። ዊዝሆልዲንግ የሥራ ግብርን አይተካም፤ ጡረታን ጭራሽ አይነካም።
- የሰኔ ወር ላይ የተሰጠን የንግድ ፈቃድ ኮፒ ለጥር ክፍያ መጠቀም። የእድሳቱ ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከታኅሣሥ በኋላ ለሚከፍሉት ሁሉ የታደሰውን ይጠይቁ፣ ካላመጣ ሒሳቡን ይያዙ።